ነፋስ የሚጋራ ባልንጀራ

ከያቤሎ ተነሥቶ በዱብሉቅና በሜጋ አድርጎ እስከ ሞያሌ የሚወርደው አውራ ጎዳና ከጥንት ጀምሮ የከብትና የግመል፣ የጨውና የጨርቃ ጨርቅ መተላለፊያ ሆኖ የኖረ ሲሆን፣ ከ1995 ዓ.ም ወዲህ ግን በብዙ ዓመታት፣ የበጋው ወራት ወደ ማለቁ ሲቃረብ፣ ለአገሬው ዓይን እንግዳ የሆነ ሌላ መንገደኛ ሲያስተናግድ ቆይቷል፤ እርሱም ከካይሮ ተነሥቶ ኬፕታውን ለመድረስ አራት ወር ያህል በብስክሌት የሚጓዘው፣ ቱር ዳፍሪክ የተባለው የውጭ አገር ሰዎች ጭፍራ ነው። ጎሕ ሲቀድ ድንኳናቸውን ጠቅልለው ይነሣሉ፤ ፀሐይ ሳትበረታ ብዙ ለመሄድ ይቸኩላሉ፤ በግራና በቀኛቸው ከሰው ቁመት በላይ የረዘሙ ቀያይ ኩይሳዎች በግራሩ መካከል ቆመዋል፤ እረኞቹም ዱላቸውን በትከሻቸው አጋድመው፣ ይህ ሁሉ ሰው መኪና መሳፈር ሳያቅተው ስለ ምን በገዛ እግሩ እየረገጠ አህጉር እንደሚያቋርጥ እየተደነቁ ይመለከቷቸዋል።

በመደነቃቸው አይፈረድባቸውም። ከእነዚህ ጋላቢዎች ብዙዎቹ በየአገራቸው ሌላ ሙያ ያላቸው ወይም በጡረታ የሚኖሩ፣ ለዚህ ድካም ደመወዝ የማይቀበሉ፣ እንዲያውም ከኪሳቸው ብዙ ገንዘብ የሚከፍሉ ሰዎች ሲሆኑ፣ ከመካከላቸው የየዕለቱን መንገድ በሰዓት እያስለኩ እርስ በርሳቸው በብርቱ የሚሽቀዳደሙ አሉ። በስፖርት ሕግ አማተር የሚባለው ተወዳዳሪ እንዲህ ያለው ነው። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ ልንመረምር የወደድነው የእነርሱን ጉዞ ሳይሆን ተቃራኒውን፣ ማለት ብስክሌት ለመጋለብ ብሎ አገሩን ትቶ በባዕድ ምድር የሚኖረውን ኢትዮጵያዊ ነው። ሯጮቿን በእንጦጦና በበቆጂ ኮረብታ አሠልጥና ለዓለም ያሳየች አገር፣ ብስክሌተኞቿን ስለ ምን ወደ ስዊስና ወደ ደቡብ አፍሪካ፣ ወደ ጣሊያንና ወደ ስፔን ለመስደድ ተገደደች? ለዚህ ጥያቄ በተለምዶ የሚሰጠው መልስ ድህነት ነው፤ እርሱም እውነት ቢሆንም፣ የነገሩን ግማሽ ብቻ የሚናገር ይመስለናል።

ታሪኩ የሚጀምረው ሩቅ ነው። ኢትዮጵያ በኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የተካፈለችው በ1949 ዓ.ም በሜልቦርን ሲሆን፣ ዛሬ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው በዚያ ጉዞ ማሞ ወልዴ መኖሩን ነው እንጂ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም መሄዳቸውን አይደለም። ገረመው ደንቦባ በዚያ 187 ኪሎ ሜትር በሚሆነው የጎዳና ውድድር 24ኛ ሆኖ ሲገባ፣ መስፍን ተስፋዬ 36ኛ ሆነ፤ ከፀሐዬ ባህታ ጋር በተደመረው ውጤትም ቡድኑ ዘጠነኛ ደረጃ አገኘ። ይህ ውጤት ትንሽ የሚመስለው ሰው ቢኖር፣ እነዚያን ሰዎች ማን እንደቀደማቸው ይመልከት፤ የዚያን ቀን አሸናፊ የሆነው ጣሊያናዊው ኤርኮሌ ባልዲኒ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ ገና አማተር ሳለ፣ በአንድ ሰዓት ከ46 ኪሎ ሜትር በላይ በመጋለብ የዓለምን ክብረ ወሰን ከታላላቆቹ ባለሙያዎች እጅ የነጠቀ፣ ከሁለት ዓመት በኋላም የጣሊያንን ዙር ውድድርና የዓለምን ሻምፒዮንነት የወሰደ ጀግና ነበር። በሕጉ ፊት ባልዲኒም ገረመውም እኩል አማተሮች ነበሩ፤ በኑሮ ግን አንዱ በየሰንበቱ ውድድር በሚደረግበት፣ እያንዳንዱ መንደር የብስክሌት ማኅበር ባለበት አገር ያደገ ሲሆን፣ ሌላው ተፎካካሪ ፍለጋ ባሕር መሻገር የሚያስፈልገው ሰው ነበር። ኦሊምፒክ በጎዳና ብስክሌት ለባለሙያዎች በሩን የከፈተው በ1996 እ.ኤ.አ. በአትላንታ ስለ ሆነ፣ እስከዚያ ድረስ ይህ የወረቀት እኩልነት እንደ ጸና ኖረ።

በዚያ ዘመን የኢትዮጵያ ብስክሌት ዋና ምንጭ አሥመራ እንደ ነበረች መሸሸግ አይገባም። ጣሊያኖች ያስገቡት ይህ ጨዋታ በኤርትራ ሥር ስለ ሰደደ፣ በ1939 እ.ኤ.አ. ገብረማርያም ገብሩ የተባለው ጋላቢ ከጣሊያኖቹ ጋር ተወዳድሮ ድል እስከ መንሣት ደርሷል፤ በ1946ም የኤርትራ ዙር ውድድር ተጀመረ። ወደ ደቡብ ቆላ ግን የኢጣሊያ ጦር በ1928 ዓ.ም በዶሎ በኩል ገብቶ ነገሌን ሲይዝ ያመጣው መድፍና ካሚዮን ነበር፤ ከሄደም በኋላ ውድድር የሚባል ነገር አልተወም። የአንዱ ጠቅላይ ግዛት ልጅ ኮርሳ፣ ማለት የእሽቅድድም ብስክሌት፣ ሲወርስ የሌላው ልጅ የምሽግ ፍርስራሽ መውረሱ፣ ከተፈጥሮ ይልቅ የታሪክ ዕጣ ነው።

አሁን ወደ ነገሌ እንምጣ። ይህች በዳዋና በገናሌ ወንዞች መካከል የተቀመጠች ከተማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,400 ሜትር ጥቂት አልፋ ስለምትገኝ ፍጹም በረሓ አትባልም፤ ሆኖም ከእርሷ ወደ ፊልቱና ወደ ዶሎ አዶ የሚወስደው አገር እየወረደና እየጋመ የሚሄድ፣ ለነፋስ የተዘረጋ ሜዳ ነው። በመንገዷ ላይ ባጃጅና ሞተር ሳይክል ሲርመሰመስ ይውላል፤ ብስክሌት ደግሞ ጀሪካን ያዥ፣ ማገዶ ተሸካሚ፣ የተማሪ መጓጓዣ ነው። እንዲያም ሆኖ በእንደዚህ ያሉ ከተሞች ሁሉ፣ ጎሚስታው ደጃፍ ላይ ተንበርክኮ ከመነዳሪ ሲያስለጥፍ፣ ካቴናውን በጋዝ ሲያጥብ፣ ከየት እንደ ተገኘ በማይታወቅ አሮጌ ኮርሳ የሚመላለስ አንድ ጎረምሳ አይታጣም። ይህ ልጅ ማለዳ ተነሥቶ ከከተማ ወጥቶ ይጋልባል፤ ከኋላው የሚከተለው፣ ከፊቱ የሚመራው ግን የለም። ስለዚህም ጭነት የያዘ አይሱዙ ባገኘ ጊዜ ከኋላው ተለጥፎ፣ መኪናው በሚከፍትለት አየር ውስጥ እንደ ጥይት ይበራል። «አንተ ልጅ፣ ፍሬን ቢይዝብህስ?» ሲሉት፣ «ጋሼ፣ ሾፌሩን አውቀዋለሁ» ብሎ መልስ ይሰጣል፤ የሾፌሩ ዕውቂያ በመንገድ ላይ ድንገት ለምትቆም ላም ምን እንደሚጠቅም ግን አይነግረንም።

ዕብደት መሆኑ አያጠራጥርም፤ ግን ልጁ ያላስተማሩትን ትልቅ ምሥጢር በራሱ መርምሮ ደርሶበታል። በሜዳ ላይ በፍጥነት የሚጋልብ ሰው የሚታገለው ከመሬቱ ጋር ሳይሆን በአብዛኛው ከአየሩ ጋር ነው፤ ፍጥነቱን እጥፍ ባደረገ ቁጥር የአየሩ ግፊት አራት እጥፍ ይሆንበታልና። ከሌላ ጋላቢ ኋላ ተጠግቶ የሚሄድ ግን ከዚያ ድካም ሢሶ ያህሉን ይቆጥባል፤ በትልቅ ጭፍራ መካከል የተሸሸገውማ ከዚያም በላይ። ነፋሱ ከጎን ሲመጣ ጋላቢዎቹ በመንገዱ ስፋት በሰያፍ ተሰልፈው፣ ፊት ያለው ለጥቂት ጊዜ ነፋሱን ተሸክሞ ወደ ኋላ ሲመለስ ሌላው ተራውን እየተቀበለ ይቀጥላሉ፤ ከሰልፉ ጫፍ የቀረ ሰው የቱንም ያህል ብርቱ ቢሆን ብቻውን ተቀጥቶ ይወድቃል። እንግዲህ ይህ ጥበብ በጉልበት ብቻ የሚገኝ አይደለም፤ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲወርዱ ክንድ ከክንድ እየተነካካ አለመደንገጥ፣ የፊተኛውን ጎማ በአንድ ስንዝር ርቀት መከተል፣ መቼ መሸሸግ መቼ መውጣት እንደሚገባ ማወቅ፣ ይህ ሁሉ በመቶ በሚቆጠሩ ባልንጀሮች መካከል ዘወትር በመዋል ብቻ የሚለመድ ነው።

ለዚህ ነው ሯጭና ብስክሌተኛ በአንድ አገር ተወልደው ዕጣቸው የሚለያየው። ሯጭ በገዛ እስትንፋሱና በሰዓቱ ራሱን ሊለካ ይችላል፤ ጓደኛ ቢያገኝ መልካም፣ ባያገኝም ኮረብታው ያስተምረዋል። የብስክሌት ጋላቢ ግን ቅዳሴ ለመቀደስ ከአንድ ሰው በላይ እንደሚያስፈልገው ካህን ነው፤ ለብቻው ጸሎት ማድረስ ይችል ይሆናል፣ ቅዳሴው ግን አይፈጸምም። ስለዚህ ከፍታም፣ ረጅም እግርም፣ ልበ ሙሉነትም ቢኖረው፣ ማኅበሩ ወዳለበት መሄድ ግዴታው ይሆናል። ስደቱን የሚያመጣው ከገንዘብ እጦት ይልቅ የባልንጀራ እጦት ነው የምንለው በዚህ ምክንያት ነው።

ከሁሉ ይልቅ የታወቀው ቦታ በስዊስ አገር በኤግል ከተማ በ2002 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የዓለም ብስክሌት ማእከል ሲሆን፣ ከእርሱ ጋር የተያያዘ ሌላ ማእከል በደቡብ አፍሪካ በፖቸፍስትሩም ተቋቁሞ ብዙ አፍሪካውያንን አሠልጥኗል። በትግራይ ከፍታ ያደገው ጽጋቡ ግርማይ በዚህ መንገድ አልፎ፣ በ2012 በለንደን ኦሊምፒክ ተወዳድሮ፣ በ2016 የፈረንሳይን ዙር ውድድር የጀመረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ኤርትራዊው ቢኒያም ግርማይም በወጣትነቱ በኤግል የሠለጠነ ሲሆን፣ በ2024 በዚያው የፈረንሳይ ዙር ሦስት ቀን አሸንፎ የአረንጓዴውን ማልያ ለመውሰድ በቃ። እነዚህ ስሞች ግን የሚታዩት የተራራው ጫፍ ናቸው፤ ከበታቻቸው ስማቸው በጋዜጣ የማይጻፍ፣ በአንድ የአውሮፓ ከተማ ከሦስትና ከአራት ባልንጀሮች ጋር ቤት ተከራይተው፣ ማኅበር በሚያውሳቸው ብስክሌት በየሰንበቱ የሚወዳደሩ አማተሮች አሉ።

የእነዚህ ሰዎች ኑሮ ከሩቅ ሲታይ ከሚመስለው በጣም የተለየ ነው። ማለዳ በዝናብና በጉም ውስጥ አራት አምስት ሰዓት መጋለብ፣ ተመልሶ ጭቃ የያዘውን ብስክሌት ማጠብ፣ ከዚያ ሩዝና ፓስታ ቀቅሎ መብላት፣ እግር ሰቅሎ መተኛት ነው። ውድድሩ 120 ወይም 150 ኪሎ ሜትር፣ በቴሌቪዥን የማይተላለፍ፣ ያሸነፈውም ጥቂት ገንዘብና አበባ ተቀብሎ ወደ ቤቱ የሚመለስበት ነው። ከኪሎ ሜትሩ ይልቅ የሚያደክመው የቪዛ ወረፋ ነው ብንል ግነት አይሆንም፤ ለአገሬው ልጅ ውድድር ማለት በመኪና የሁለት ሰዓት መንገድ ሲሆን፣ ለኢትዮጵያዊው ግን የጥሪ ደብዳቤ፣ የባንክ ወረቀት፣ የጣት አሻራና የሳምንታት ጥበቃ ነው፤ ፈቃዱም ሲመጣ ውድድሩ አልፎ ሊሆን ይችላል።

በዚህ ላይ አንድ የውጭ አሠልጣኝ በቀላሉ የማይረዳው ፈተና አለ፤ እርሱም ጾም ነው። የአውሮፓ የብስክሌት ዘመን የሚከፈተው በየካቲትና በመጋቢት ሲሆን፣ ያው ወራት የዐቢይ ጾም 55 ቀን የሚውልበት ነው። በቀን አምስት ሰዓት የሚጋልብ ሰው ከተራው ሰው ምግብ እጥፍና ከዚያም በላይ ያስፈልገዋል፤ ሥጋና ወተት፣ ዕንቁላልና ቅቤ ከተከለከለው፣ እስከ ሰዓተ ጾሙም ውሃ ካልቀመሰ፣ ሰውነቱ የሚቆመው በምኑ ላይ ነው? አንዳንዱ ከንስሓ አባቱ ፈቃድ ይጠይቃል፤ አንዳንዱ ሰዓቱን ትቶ ዓይነቱን ብቻ ይጠብቃል፣ ምስርና ሽምብራ እየበላ፤ አንዳንዱም ዝም ብሎ ይበላና ኅሊናው ይወቅሰዋል። ከነገሌ ወይም ከሞያሌ የሚሄድ ሙስሊም ጋላቢም በረመዳን ያው ነገር ያጋጥመዋል። ከውጭ ሲታይ የጋላቢ ኑሮ ራሱ ብሕትውና ነው፦ ሚዛን፣ ልክ፣ እንቅልፍ፣ ዝምታ። ግን ለክብደት ሲባል የሚጾም ጾምና ለእግዚአብሔር ሲባል የሚጾም ጾም በአንድ ሥጋ ላይ ሲገናኙ ሁልጊዜ ይስማማሉ ማለት አይደለም።

ሐሩሩና ከፍታውም የራሳቸው ሥርዓት አላቸው። በአዲስ አበባ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአምስት አንድ እጅ ያህል የሳሳ ስለ ሆነ፣ እዚያ የሚጋልብ ሰው ሳንባው ቢደክምም ነፋሱ ይቀልለዋል፤ ወደ ዝቅተኛ አገር ሲወርድ ደግሞ እስትንፋስ አግኝቶ ነፋስ ይከብደዋል። ሙቀትን መልመድ በበኩሉ ከአሥር እስከ አሥራ አራት ቀን የሚፈጅ ሲሆን፣ በእነዚያ ቀናት የደም ውሃ ይበዛል፣ ላብ ቀድሞ መውጣት ይጀምራል፣ የሚወጣውም ጨው ይቀንሳል። አውሮፓውያን ለዚህ ሲሉ በሞቀ ክፍል ውስጥ ተዘግተው ይጋልባሉ፤ የቦረናና የሊበን ሜዳ ያንን ሙቀት በነጻ ይሰጣል። በነጻ የማይሰጠው ውሃውን ነው፤ ጋላቢ በሐሩር በሰዓት አንድ ሊትር ያህል ወይም ከዚያ በላይ ሊያልበው ይችላልና። ነገሌ የውሃን ዋጋ ከማንም በላይ ታውቃለች፤ በጥር 1966 ዓ.ም በዚያ የሰፈረው ጦር ስለ ምግቡና ስለ ውሃው አምጾ፣ በኋላ ዙፋኑን የገለበጠውን ማዕበል የለኮሰባት ከተማ ናትና።

ስደቱ ሁልጊዜ በፈቃድ እንዳልሆነም መናገር ይገባል። ኢየሩ ገብሩ በዓለም ብስክሌት ማእከል ቡድን ማልያ የተወዳደረች፣ በትግራይ በደረሰው ጦርነት ምክንያት ከአገሯ ወጥታ በፈረንሳይ የተጠጋች ጋላቢ ናት፤ በ2024 እ.ኤ.አ. በፓሪስ ኦሊምፒክ በሴቶች የጎዳና ውድድር ስትሰለፍ የለበሰችው ልብስ የኢትዮጵያ ሳይሆን የስደተኞች ቡድን ነበር። ሌሎች ባልንጀራ ፍለጋ የወጡበትን መንገድ እርስዋ ሕይወት ፍለጋ ወጣችበት፤ ልምምዱና ነፋሱ አንድ ዓይነት ቢሆንም፣ መመለሻ ያለው ሰውና የሌለው ሰው በአንድ ጭፍራ ውስጥ ሲጋልቡ አይመሳሰሉም።

ለደቡቡ ቆላ ልጅ ግን ውጭ አገር ማለት የግድ አውሮፓ ማለት አይመስለንም። ሞያሌ ከአዲስ አበባም ከናይሮቢም በግምት 770 ኪሎ ሜትር ርቃ የቆመች፣ በመካከሏ ድንበር የሚያልፍባት ከተማ ናት፤ ወደ ኬንያ ለመግባትም ኢትዮጵያዊ ቪዛ አይጠየቅም። ከዚያ ወዲያ የዲዳ ገልገሉ በረሓ ጥቁር ድንጋይ የቱር ዳፍሪክን ጋላቢዎች ሲያሰቃይ የኖረ ሲሆን፣ አሁን መንገዱ አስፋልት ሆኗል። በዚያች ኬንያ ነው ክሪስ ፍሩም በ1985 እ.ኤ.አ. ተወልዶ፣ ከናይሮቢ አጠገብ ዴቪድ ኪንጃ በተባለው ኬንያዊ ጋላቢ ቤት ከመንደር ልጆች ጋር ብስክሌት መፍታትና መግጠም የተማረው። በ2006 ወጣቱ ፍሩም በሳልዝቡርግ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና ለመካፈል፣ በኬንያ ብስክሌት ፌዴሬሽን ሰው የኢሜይል አድራሻ ራሱን አስመዘገበ፤ ከመነሻው ጥቂት እንደ ሄደም ከአንድ የውድድር ዳኛ ጋር ተጋጭቶ ወደቀ። ያ ልጅ በኋላ የፈረንሳይን ዙር አራት ጊዜ አሸነፈ። ምሳሌ አድርገን የምናቀርበው ማጭበርበሩን አይደለም፤ የኪንጃን ቤት ነው። ፍሩምም በኋላ ወደ ኤግል ማእከል ከመድረሱ በፊት ጭፍራውን ያገኘው እዚያ ነበርና።

በ2021 እ.ኤ.አ. ደግሞ በዚያው በኬንያ፣ በማሳይ ማራ፣ በጠጠር መንገድ ላይ ለብዙ ቀን የሚደረግ ውድድር ተጀምሯል፤ የኬንያ፣ የኡጋንዳና የሩዋንዳ ጋላቢዎችም ከአውሮፓና ከአሜሪካ ከሚመጡት ጋር ጎን ለጎን ይሰለፉበታል። ከእነዚህ ጋላቢዎች አንዱ የነበረው ኬንያዊው ሱሌ ካንጋንጊ በነሐሴ 2022 በአሜሪካ በቬርሞንት በተደረገ የጠጠር ውድድር ላይ ወድቆ ሞተ፤ ውድድሩ ግን አልቆመም። በአሜሪካም በካንሳስ ጠፍ መሬት ላይ 320 ኪሎ ሜትር ያህል ጠጠር ለመጋለብ በሺህ የሚቆጠር ሰው ገንዘብ ከፍሎ ይመዘገባል።

እኛ የነገሌን፣ የፊልቱንና የዶሎን ጠጠር መንገድ ስናይ የምናስበው አስፋልት እስኪመጣ የሚታገሡትን መከራ ነው፤ ለሚኖርበት ሕዝብም አስፋልቱ መምጣት አለበት፣ በሽተኛ በጠጠር ላይ ተንገላትቶ ሐኪም ቤት ሲደርስ ያየ ሰው ስለ ጠጠር ውበት አይሰብክምና። ዳሩ ግን ያ መንገድ እስኪለብስ ድረስ፣ ቀጭኑ የኮርሳ ጎማ በማይሆንበት፣ የጋላቢው ዋጋ ከብስክሌቱ ዋጋ ይልቅ በሚፈተንበት በዚህ አዲስ የውድድር ዓይነት፣ የቆላው ልጅ ከአሥመራም ከመቐለም ልጅ የሚያንስበት ምክንያት አይታየንም። የሚያስፈልገው ሰፋ ያለ ጎማ፣ ሁለት የውሃ መያዣ፣ ከያቤሎ፣ ከሞያሌና ከክብረ መንግሥት የሚመጡ አሥር ወይም አሥራ ሁለት ባልንጀሮች፣ በወር አንድ ቀንም ከነገሌ ተነሥቶ ወደ ነገሌ የሚመለስ፣ ሰዓት የሚይዝለት ሰው ያለው ውድድር ነው፤ ለአይሱዙው ሾፌር ግን ከዚያ ወዲያ ጭነቱን ብቻ ቢያደርስ ይበቃዋል።